ርካሹ የእጅ ባትሪ በዓመት ስንት ያስወጣል?

ለነጋዴ መብራት ሲጠፋ ከባዱ ሰዓት የሱቅ መዝጊያ ነው። የቀኑ ሽያጭ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ ቆጠራው አላለቀም፣ መጋዘኑም አልተቆለፈም። በዚያች ቅጽበት ከመሳቢያ የሚወጣው የእጅ ባትሪ ከበራ ሥራው ይቀጥላል። ካልበራ ግን ሻማ ይለኮሳል። ካርቶንና ጨርቅ እስከ ጣሪያ በተደረደረበት ሱቅ ውስጥ የተለኮሰ ሻማ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መርካቶ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የውሃ መጠን በመቀነሱ የኤሌክትሪክ ኃይል በፈረቃ ሲታደል ችግሩ የማመንጨት ነበር። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ከግድብ እስከ ሱቅ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በቂ ኃይል ቢመነጭ እንኳ ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ ምሰሶ ሲወድቅ ወይም መስመር ለጥገና ሲዘጋ ሰፈሩ መጨለሙ አይቀርም። በመሆኑም የእጅ ባትሪ ዛሬም ከማይቀሩ የቤትና የሱቅ ዕቃዎች አንዱ ነው።

ዕቃው ግን እንደ ትንሽነቱ ቀላል ግዢ አይደለም። ብዙ ገዢ የሚያየው በሱቅ የተጠራለትን ዋጋ ብቻ ነው። የእጅ ባትሪ እውነተኛ ዋጋ ግን የተገዛበት ብር፣ ሲደመር የሚበላው ድንጋይ፣ ሲካፈል ለሰጠው የብርሃን ሰዓት ነው። በዚህ ስሌት ሲታይ ከመደርደሪያው ላይ ርካሽ የሚመስለው ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ስልክ እያለ ባትሪ ለምን?

በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። አሁን ስልኩ ላይ መብራት የሌለው ነጋዴ ጥቂት ነው። ቁልፍ ለመፈለግ ወይም ደረጃ ለመውረድ የስልክ መብራት ይበቃል።

ነገር ግን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳና የሂሳብ መዝገብ ሆኗል። መብራት በጠፋበት ምሽት የስልኩን ኃይል ለመብራት የጨረሰ ሰው ክፍያ የሚቀበልበትንና ገንዘብ የሚያስተላልፍበትን መሣሪያ ዘጋ ማለት ነው። የሚጠፋው የመብራት ሰዓት ረጅም ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ከዚህም ሌላ የስልክ መብራት ሩቅ አያሳይም፣ ለጥበቃ ሠራተኛ ሊሰጥ አይችልም፣ ከእጅ ወድቆ ቢሰበርም ኪሳራው የአንድ ባትሪ አይደለም። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ስልክ፣ ለሥራ ደግሞ ባትሪ የሚለው ክፍፍል ትርፋማው ነው።

ከአምፑል ወደ ኤልኢዲ

የእጅ ባትሪ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዕቃ ነው። ዴቪድ ሚዜል የተባለ የፈጠራ ሰው በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በጥር 1899 ነበር። መብቱ የተላለፈለት የኮንራድ ሁበርት ኩባንያ በኋላ ኤቨሬዲ በሚል ስም ታውቋል። የያኔው ባትሪ ድንጋዩም ሆነ የአምፑሉ ክር ደካማ ስለነበሩ ለአፍታ ብቻ ብልጭ ብሎ ማረፍ ነበረበት። በእንግሊዝኛ የዕቃው ስም ከብልጭታ የተወሰደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለብዙ አሥርት ዓመታት በየቤቱ የነበረው ሁለት ትልልቅ የሬዲዮ ድንጋይ የሚጎርሰው የቆርቆሮ ባትሪ ነው። በውስጡ ያለው ትንሽ አምፑል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በግምት ከአንድ ዋት ከ10 እስከ 15 ሉመን ብቻ ይሰጣል። ሉመን ከመብራት በጠቅላላ የሚወጣው የብርሃን መጠን መለኪያ ሲሆን፣ አንድ የተለመደ ሻማ ወደ 12 ሉመን ገደማ ነው። የቆርቆሮው ባትሪ ብርሃን እንግዲህ ከሻማ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ጥቅሙ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ መሰብሰቡ ነው።

ገበያውን የለወጠው ኤልኢዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ በጃፓን ተሠራ፤ ከእሱም ነጭ ብርሃን ማውጣት ተቻለ። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ደህና የሆነ የዛሬ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመንና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ይህ ማለት በፊት ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ይጠይቅ የነበረው ብርሃን ዛሬ ለግድግዳ ሰዓት በሚሆን አንድ ድንጋይ ለአሥራ አምስት ሰዓት ያህል ሊበራ ይችላል ማለት ነው።

ኤልኢዲ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በርካሽ ባትሪዎች ላይ የሚደረደሩት ትንንሽ ክብ ኤልኢዲዎች ብዙውን ጊዜ ከሚችሉት በላይ ኃይል ይጫንባቸዋል። ሙቀቱን የሚያወጣላቸው ብረትም የላቸውም። በመሆኑም ሱቅ ላይ ሲሞከሩ ደምቀው ይታዩና ጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ ይፈዛሉ። "ኤልኢዲ አይቃጠልም" የሚለው የሻጭ አባባል እውነትነቱ ኤልኢዲው በአግባቡ ከተሠራ ብቻ ነው።

የካርቶኑ ቁጥርና እውነተኛው ሂሳብ

በገበያ ላይ ካሉት የእጅ ባትሪዎች በብዙዎቹ ካርቶን ላይ 5,000፣ 10,000፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሉመን የሚል ቁጥር ተጽፎ ይታያል። ይህን ለማመንም ሆነ ላለማመን መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የአራተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ይበቃል።

በኪስ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው የተለመደ የሊቲየም ድንጋይ 18650 ይባላል። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው፤ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ነው። ጥሩው በውስጡ የሚይዘው ኃይል ወደ 10 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 10,000 ሉመን ለማውጣት በጥሩ ኤልኢዲ እንኳ 100 ዋት ያህል ያስፈልጋል። 10 ለ100 ሲካፈል የሚገኘው የሰዓት አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 6 ደቂቃ ነው። በስድስት ደቂቃ ባዶ የሚሆን ባትሪ ማን ይገዛል? ያውም ድንጋዩ ይህን ያህል ኃይል በአንዴ ማውጣት ከቻለና በእጅ የተያዘው ብረት ሙቀቱን ከቻለ ነው። ሁለቱም የሚሆኑ አይደሉም። ለማነጻጸር ያህል የድሮው የ60 ዋት የቤት አምፑል ወደ 800 ሉመን ገደማ ይሰጥ ነበር። በካርቶኑ መሠረት እንግዲህ የኪስ ባትሪው ከአሥራ ሁለት የቤት አምፑሎች በላይ ያበራል ማለት ይሆናል።

ለዕለት ሥራ የሚያስፈልገው ብርሃን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ገንዘብ ለመቁጠርና ደረሰኝ ለማንበብ ቅርብ ሆኖ 10 ሉመን ይበቃል። በሱቅ ወይም በቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ 50፣ ለግቢና ለምሽት መንገድ ከ100 እስከ 150፣ ሰፊ ግቢ ለሚጠብቅ ሠራተኛ ደግሞ ከ200 እስከ 300 ሉመን በቂ ነው። የሰው ዓይን ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር በእጥፍ የጨመረ ሆኖ አያየውም። ስለዚህ ከ150 ወደ 300 ሉመን መሻገር ድንጋዩን በእጥፍ ፍጥነት ይጨርሳል እንጂ ዕይታውን እጥፍ አያደርገውም።

ሌላው ማሳሳቻ የሰዓት ቁጥር ነው። አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2009 የተስማሙበት አንሲ ኤፍኤል 1 የተባለ የአሜሪካ የመለኪያ ደረጃ አለ። በዚህ ደረጃ መሠረት "የሚሠራበት ሰዓት" የሚባለው ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። "100 ሉመን፣ 20 ሰዓት" የተባለ ባትሪ እንግዲህ በመጨረሻው ሰዓት 10 ሉመን ብቻ እየሰጠ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ማታለል ሳይሆን የመለኪያው ሕግ ነው። ርቀትም እንዲሁ ነው። በዚሁ ደረጃ "200 ሜትር ያሳያል" ማለት በ200 ሜትር ላይ የሚደርሰው ብርሃን የሙሉ ጨረቃን ያህል ነው ማለት እንጂ እዚያ የቆመን ሰው ፊት ያሳያል ማለት አይደለም። ያም ሆኖ ደረጃው የተጠቀሰበት ካርቶን ምንም መለኪያ ካልተጠቀሰበት የተሻለ ይታመናል።

ወጪው ያለው ድንጋዩ ላይ ነው

የእጅ ባትሪ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ድንጋይ ግን ሁልጊዜ ነው። የድንጋዩን ዓይነት ለመለየት ጎኑ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን አጭር ምልክት ማየት ይበቃል። ለግድግዳ ሰዓት በሚሆነው ደብል ኤ በሚባለው መጠን ላይ "አር 6" ብቻ ከተጻፈ ተራው የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ነው። "ኤልአር 6" ከሆነ አልካላይን ነው። "ኤችአር 6" ከሆነ ደግሞ ተመልሶ የሚሞላው ኒኬል ድንጋይ ነው። ለቀጭኑ የሪሞት ድንጋይ፣ ትሪፕል ኤ ለሚባለው፣ በ6 ምትክ 03 ይጻፋል። "ሄቪ ዱቲ" የሚለው ጽሑፍ ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። ጠንካራ ማለት ቢመስልም አልካላይን ማለት አይደለም፤ የተሻሻለ ዚንክ ካርቦን ነው።

ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። አንድ ደህና ደብል ኤ አልካላይን ድንጋይ ወደ 2.5 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ተራው ዚንክ ካርቦን የሚሰጠው ከዚህ ከሲሶ እስከ ግማሽ ቢሆን ነው። በተጨማሪም የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ቆርቆሮው ራሱ ኃይል ለመስጠት የሚበላው ዚንክ ስለሆነ፣ ሲያረጅ ተበስቶ ይፈሳል፤ የባትሪውንም መገናኛ ብረት ያበላሻል። አልካላይንም ባዶ ሆኖ ሲቆይ ይፈሳል። ስለዚህ ባትሪው ለረጅም ጊዜ የማይነካ ከሆነ ድንጋዩን አውጥቶ ማስቀመጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ የማይወስድ ቁጠባ ነው። አሮጌና አዲስ ድንጋይ መቀላቀልም እንዲሁ ኪሳራ ነው፤ ደካማው ጠንካራውን ይጎትታል።

አብዛኞቹ ርካሽ ባትሪዎች ሦስት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ የሚጠይቁበት ምክንያት አለ። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት ወደ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። አንድ ድንጋይ 1.5 ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ በአንድ ድንጋይ ለማብራት ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪዩት ያስፈልጋል። ሦስት ድንጋይ ሲደመር ግን 4.5 ቮልት ስለሚሆን አምራቹ ሰርኪዩቱን ትቶ ኤልኢዲውን በቀጥታ ያገናኘዋል። የአምራቹ ቁጠባ የገዢው ወጪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የሪሞት ድንጋይ ከደብል ኤው ግማሽ እንኳ የማይሞላ ኃይል ይዞ ዋጋው ግን ከደብል ኤው እምብዛም አይርቅም። ሦስቱ ተደምረው ከአንድ ተኩል ደብል ኤ አይበልጡም።

የአንድ ዓመት ስሌት

ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል በቀን ለግማሽ ሰዓት በ50 ሉመን የሚበራ ባትሪ እንውሰድ። በዓመት 182 ሰዓት ገደማ ይበራል። 182 በ50 ሲባዛ 9,100 ይሆናል። በጥሩ ኤልኢዲ፣ ማለትም ከአንድ ዋት 100 ሉመን በሚገኝበት፣ ከአንድ ደብል ኤ አልካላይን ድንጋይ 250 ያህሉ ስለሚገኝ የዓመቱ ፍጆታ 36 ድንጋይ ነው። ግማሹን ኃይል በከንቱ በሚያባክን ርካሽ ባትሪ ደግሞ 72 ይሆናል።

ለስሌት ብቻ ርካሹ ባትሪ 250 ብር፣ ጥሩው 600 ብር፣ አንዱ አልካላይን ድንጋይ 40 ብር ነው ብለን ብንይዝ፣ ርካሹ በዓመት 250 ሲደመር 2,880፣ በድምሩ 3,130 ብር ያስወጣል። ጥሩው 600 ሲደመር 1,440፣ በድምሩ 2,040 ብር ይሆናል። በመደርደሪያው ላይ የ350 ብር ብልጫ የነበረው ዕቃ ዓመቱ ሲዘጋ 1,090 ብር አትርፏል ማለት ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ተመልሶ የሚሞላ ደብል ኤ ነው። አራት ድንጋይና ቻርጀር አንድ ላይ 1,500 ብር ቢያወጡ ከጥሩው ባትሪ ጋር 2,100 ብር ይሆናል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከአልካላይኑ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ዓመት ግን አልካላይን የሚገዛው ሌላ 1,440 ብር ሲያወጣ፣ በሚሞላው የሚጠቀመው የሚከፍለው የኤሌክትሪኩን ብቻ ነው። እሱም በዓመት የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሩብ አይሞላም። እያንዳንዱ ድንጋይ በዓመት አሥር ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚሞላና በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ መሞላት ስለሚችል ለዓመታት ያገለግላል። አንባቢው በዕለቱ ገበያ ያለውን እውነተኛ ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች ቦታ ተክቶ ስሌቱን ሊደግመው ይችላል። ዋጋው ይለያይ እንጂ አቅጣጫው አይለወጥም።

የሚሞላ ድንጋይ ሲገዛ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድሮው ዓይነት ኒኬል ድንጋይ ሳይነካ ቢቀመጥም በአንድና በሁለት ወር ውስጥ ኃይሉ ይሸሻል፤ መብራት በጠፋ ዕለት ባዶ ሆኖ ይገኛል። የጃፓኑ ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ ያቀረበውና ሌሎችም የተከተሉት አዲሱ ዓይነት ግን ከዓመት በኋላም አብዛኛውን ኃይሉን ይዞ ይቆያል። መጠኑም ከ1,900 እስከ 2,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ደብል ኤ ላይ 4,000 ወይም 5,000 ከተጻፈ ፎርጂድ መሆኑን ራሱ እየተናገረ ነው።

በሶኬት የሚሞሉት

በከተማው በብዛት የሚሸጠው ሌላው ዓይነት በሶኬት የሚሞላው የፕላስቲክ ባትሪ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በውስጣቸው ያለው ከመኪና ባትሪ ጋር አንድ ዘር የሆነ የእርሳስ ባትሪ ነው። ይህ ዓይነት ባዶ ሆኖ መቆየትን አይወድም። ተጠቅመው ሳይሞሉት ለሳምንታት ከተውት ይበላሽና ኃይል መያዝ ያቆማል። "ሁለት ወር ሠርቶ ሞተ" የሚባለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ በተጠቀሙበት ዕለት መሞላት፣ ባይጠቀሙበትም በወር አንድ ጊዜ መሰካት አለበት። ከርካሾቹ አንዳንዶቹ ትራንስፎርመር የሌላቸው በመሆናቸው እንደተሰኩ መክፈትም ሆነ መጠቀም ለኤሌክትሪክ አደጋ ያጋልጣል። ልጆች በሚገኙበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በሊቲየም የሚሠሩትና በስልክ ቻርጀር የሚሞሉት አሁን ገበያውን እየወረሱ ነው። ቀላል ናቸው፣ ደምቀው ይበራሉ፣ ቻርጀሩም በየቤቱ አለ። ድንጋዩ ግን መታየት አለበት። ትክክለኛ 18650 ድንጋይ የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ቢሆን ነው፤ 9,900 የሚል ጽሑፍ ያለበት ውሸት ነው። ክብደቱም 45 ግራም ገደማ ነው። በሚዛን ላይ 30 ግራም የማይሞላ ከተገኘ ውስጡ በሌላ ነገር የተሞላ ወይም ከአሮጌ ዕቃ የወጣ ሊሆን ይችላል። የተበላሸ የሊቲየም ድንጋይ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ያበጠ፣ የተላጠ ወይም ሲሞላ የሚግል ሲገኝ መጠቀም አይገባም።

ሱቅ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ገዢው በሁለት ደቂቃ ሊያያቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ማብሪያ ማጥፊያው ነው፤ ከኤልኢዲው ይልቅ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። አሥር ጊዜ አብርቶ ማጥፋት፣ በርቶ ሳለ በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መገናኛው ልል ነው።

ሁለተኛው የድንጋይ ቤቱ ነው። ስፕሪንጉ ጠንካራ፣ ክዳኑ በክር የሚዘጋና የላስቲክ ቀለበት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ውሃን በተመለከተ "አይፒኤክስ 4" የሚል ምልክት ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን ይቋቋማል ማለት ስለሆነ ለክረምት ዝናብ በቂ ነው።

ሦስተኛው የብርሃኑ ዓይነት ነው። ባትሪውን ወደ ግድግዳ አብርቶ ማየት ያስፈልጋል። መሐሉ ላይ አንድ ጠባብ ክብ ብቻ የሚጥል ለሩቅ፣ ሰፋ አድርጎ የሚበትን ለሱቅና ለቤት ይሆናል። በጣም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ቀለምን ያሳስታል። በእንዲህ ያለ ብርሃን ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ መለየት ያስቸግራል፤ የብር ኖት መመርመርም እንዲሁ።

አራተኛው ቀላልነቱ ነው። አምስትና ስድስት ዓይነት ብልጭታ ያለው ባትሪ የሚፈለገው ብርሃን እስኪገኝ ቁልፉን ደጋግሞ ያስጫናል። ለዕለት አገልግሎት ከፍተኛና ዝቅተኛ፣ ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው ይበልጣል። ዝቅተኛው ያለው ባትሪ ድንጋይ ይቆጥባል፤ በእርግጥም ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያተርፈው ቁልፍ እሱ ነው።

ለአስመጪና ለጅምላ ነጋዴ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር በባንክ ከእጥፍ በላይ ተወድዷል። በዚህ ምክንያት የአስመጪው ፈተና የዕቃውን ደረጃ ዝቅ አድርጎ የድሮውን ዋጋ ለማቆየት መሞከር ነው። ለአንድ ጊዜ ያዋጣ ይሆናል። ነገር ግን ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ጎረቤት ኬንያ ታይቷል። በኬንያ የኤልኢዲ የእጅ ባትሪ ተጠቃሚዎችን ያነጋገረና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት፣ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ብልሽት እንደገጠማቸው አመልክቷል። አደጋው ገዢው የአንዱን ሻጭ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ኤልኢዲ የተባለውን ሁሉ መጠራጠር መጀመሩ ነው። በዚህ ጊዜ ጥሩ ዕቃ ያስመጣው ነጋዴም በመጥፎው ኪሳራ ይካፈላል።

ናሙና መፈተሽ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ቴስተር ያለው ሰው ባትሪው የሚስበውን አምፒር ለክቶ በቮልቱ ሲያባዛ ዋቱን ያገኛል። ዋቱን በ100 ሲያባዛ ኤልኢዲው ሊሰጥ የሚችለውን ብርሃን ግምት ያገኛል። ለምሳሌ በ3 ቮልት 0.4 አምፒር የሚስብ ባትሪ 1.2 ዋት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ120 ወይም ከ150 ሉመን አይበልጥም። ካርቶኑ 1,000 የሚል ከሆነ ከአቅራቢው ጋር ለሚደረገው ድርድር ጥሩ መረጃ ነው። ከዚያ ናሙናውን ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ደጋግሞ መጣል፣ ድንጋዩ እስኪያልቅ ማብራትና ሰዓቱን መያዝ፣ በመጨረሻም ለአንድ ወር ማስቀመጥና እንደገና ማብራት ነው።

በሊቲየም የሚሠሩትን የሚያስመጣ ነጋዴ አንድ ሌላ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ለብቻቸው የተጫኑ የሊቲየም አዮን ድንጋዮች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄዱ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ተከልክለዋል። ናሙና በአየር አስመጥቶ ቶሎ ለገበያ ለማድረስ ያሰበ ሰው ጭነቱ እንዳይያዝበት ከአጓጓዡ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይኖርበታል።

ማን የትኛውን ይግዛ?

ለሱቅ መሳቢያና ለመኖሪያ ቤት ከ50 እስከ 150 ሉመን የሚሰጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ደብል ኤ የሚጎርስ፣ ሁለት ደረጃ ብርሃን ያለው ባትሪ በቂ ነው። ጥቅሙ ድንጋዩ ካለቀ በየኪዮስኩ መገኘቱ ነው። ጥቅም ላይ የሚውለው በወር አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ አልካላይን ይበቃል። በየቀኑ የሚበራ ከሆነ ግን የሚሞላ ደብል ኤ ወጪውን በአንድ ዓመት ገደማ ይመልሳል። ሌሊቱን ሙሉ ለሚዞር ጥበቃ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ የታመነ ሊቲየም ይሻላል፤ መለዋወጫ ድንጋይ ቢኖረው ደግሞ የበለጠ። መብራት ጨርሶ በሌለበት የገጠር መጋዘን ወይም እርሻ ላይ ላለ ሰው የፀሐይ መብራት ሊታሰብ ይገባል። በዚህ ረገድ ቬራሶል የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ፕሮግራም ተፈትሸው ያለፉ ምርቶችን ዝርዝር ስለሚያወጣ ከመግዛት በፊት ማየት ይጠቅማል።

ብዙ ሰው የእጅ ባትሪ የሚገዛው መብራት በጠፋ ማግሥት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሻጩ ዋጋ ይጨምራል፣ ገዢውም ሳይመርጥ ያነሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገዛው ባትሪ የሚከዳው በሚቀጥለው ጨለማ ነው። መብራት ባለበት ቀን፣ ቁልፉን አሥር ጊዜ አብርቶና አጥፍቶ፣ የድንጋዩን ምልክት አንብቦ የገዛ ሰው የሱቁን ቆጠራ በሰዓቱ ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።